አካታች የፈረንሳይኛ ክፍል ሲባል ሰኞ ጠዋት ምን ማለት ነው?

የኤ2 አስተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ማዕከል ውስጥ ለውጭ ተማሪዎች ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ሌቭሉ ኤ2 ነው፣ ማለት ስለራሳቸው ማውራት ጀምረዋል ግን ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ ቋንቋው ያልቅባቸዋል። ክፍሉ ድብልቅልቅ ያለ ነው፣ ብራዚል አለ ቬትናም አለ ኢራን አለ ሶሪያ አለ ሱዳን አለ፣ በዛ ላይ ደሞ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሁለት ልጆች አሉ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በፈረንሳይኛ የተማሩ፣ እነሱን ለምን እኔጋ እንደመደቧቸው ራሱ አልገባኝም፣ መመደቢያ ፈተናው ሰዋሰው ብቻ ስለነበር መሰለኝ።

ማዕከሉ በየኮሪደሩ "አካታች ነን፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ፖስተር ለጥፏል። ዌብሳይቱ ላይም አለ፣ ስብሰባ ላይም ይነሳል። ደስ ይላል። ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ እጄ ላይ ያለው መጽሐፍ "የቤተሰብህን ፎቶ አምጥተህ አስተዋውቅ" ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ "ባለፈው እረፍት የት ሄድክ"፣ ከዛ "ቤትህን ክፍል በክፍል ግለጽ"። እናትና አባቱ አሁን የት እንዳሉ የማያውቅ ልጅ እኮ ክፍሌ ውስጥ አለ። ቤት ሲባል የፈረሰ ቤት ትዝ የሚለውም አለ። ልዝለለው እንዳልል የዝምድና ቃላትም ያለፈ ጊዜ ግስም ፈተናው ላይ ይመጣሉ።

ሌላው አክሰንት ነው። ኦዲዮዎቹ በሙሉ የፓሪስ ሰው ናቸው። ሁለቱ የምዕራብ አፍሪካ ልጆች ከማናችንም በላይ ያለችግር ያወራሉ፣ አንድ ባልደረባዬ ግን "አነጋገራቸውን አስተካክዪላቸው" አለኝ። ምኑን ነው ማስተካክለው?

ደሞ አንዳንድ አስተማሪ ጋ አካታች ማለት ማቅለል ማለት ነው፣ ፈተናውን ቀለል፣ ማርኩን ለቀቅ። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም ግን በሱ ፈንታ ምን እንደማደርግ ጥርት ብሎ አልታየኝም። ያስተማራችሁም በዚ መንገድ ተምራችሁ ያለፋችሁም ጻፉልኝ እስኪ፣ ቲዎሪውን ሳይሆን ክፍል ውስጥ የምታደርጉትን።

ጠመኔ፦

እህቴ የቤተሰቡ ነገር ቆየት ያለ መፍትሄ አለው፣ ሲሙላሲዮን ግሎባል ይባላል፣ በ1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ነው የተጀመረው። ክፍሉ ባንድ ላይ አንድ የፈጠራ ቦታ ይሰራል፣ አፓርታማ ህንጻ ሊሆን ይችላል መንደር ሊሆን ይችላል ደሴት ሊሆን ይችላል፣ ከዛ እያንዳንዱ ተማሪ የዛ ቦታ ነዋሪ ይሆናል። ስሙን እድሜውን ስራውን ዘመዱን ከማን ጋ እንደተጣላ ሁሉን ራሱ ይፈጥራል። ከዛ በኋላ "ባለፈው እረፍት የት ሄድክ" ስትዪ የሚመልሱልሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረታ የወጡት የሰርከስ ሰውዬ ናቸው። የግስ እርባታው ያው ነው፣ የዝምድናው ቃል ያው ነው፣ እንደውም የፈጠራ ቤተሰብ ውስጥ እንጀራ እናት የአጎት ልጅ ምናምን ስለሚበዛ ከእውነተኛው የበለጠ ቃል ይወጣዋል። ስለራሱ ማውራት የሚፈልግ ደሞ የራሱን ታሪክ ገጸ ባህሪው ላይ ጭኖ ያወራል፣ የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። "ከእናንተ ውስጥ ችግር ያለባቸው ስላሉ ነው እንዲህ ያደረግኩት" ብለሽ እንዳታስተዋውቂው። ለሁሉም እኩል ነው የሚሰጠው፣ ምክንያቱም ሳይባል። ምክንያቱን ከተናገርሽ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያንን ልጅ ነው የሚያየው።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ዴልፍ (የፈረንሳይኛ ችሎታ ማረጋገጫ ፈተናው) ኤ2 የቃል ፈተናው ላይ ራስን ማስተዋወቅ አለ አዎ። ግን ፈታኙ የሚመዝነው ቋንቋውን ነው፣ እህት አለኝ ብሎ ባይኖረው ማንም መጥቶ አያጣራም። ይሄንን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ ብዙ ተማሪ እውነት መናገር ግዴታ ይመስለዋል እና ፈተናው ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል።

ሰባንት ኖናንት፦

እኔ ብራሰልስ ነው ማስተምረው፣ ስለ አክሰንቱ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ባልደረባሽ የቱን ፈረንሳይኛ ነው ትክክል የሚለው? የፍራንኮፎኒ ድርጅት፣ ማለት የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ማህበር፣ በ2022 ባወጣው ሪፖርት 321 ሚሊዮን የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አለ ይላል፣ ከግማሽ በላዩ አፍሪካ ውስጥ ነው። ኪንሻሳ በህዝብ ብዛት ከፓሪስ ትበልጣለች። እኛ እዚ ቤልጂየም 70ን ሰባንት 90ን ኖናንት ነው የምንለው፣ ስዊሶችም እንደዛው፣ አንዳንዱ ካንቶን (ክፍለ ሀገር በሉት) ውስጥ 80 ራሱ ዊታንት ነው፣ ፓሪስ ላይ ግን ያው "አራት ሃያ አስር" እያሉ ሂሳብ ይሰራሉ። ሁለቱም ትክክል ነው። ተማሪዎችሽ ኩቤክ ወይ ዳካር ወይ ጄኔቭ ስራ ሊያገኙ ይችላሉ፣ ያንድ ከተማ ጆሮ ብቻ ይዘው ከወጡ የጎደላቸው ነገር አለ ማለት ነው። ኤርኤፍኢ ሬዲዮ እና ቴቬሳንክ ሞንድ ቴሌቪዥን ነጻ የማዳመጫ ትምህርት አላቸው፣ ከተለያየ አገር የሚያወራ ሰው እየመረጥሽ ቀይጪው፣ ኦፊሴላዊ መጽሐፉን ሳትጥዪ።

ሁለተኛ፣ ሁላችንም ሌቭል የምንለካበት የአውሮፓ ማዕቀፍ ራሱ ተቀይሯል። የ2001ዱ ላይ "እንደ አፍ መፍቻ ተናጋሪ" የሚል መለኪያ በየቦታው ነበር፣ ተጨማሪው ጥራዝ ሲወጣ ከመለኪያዎቹ ላይ አውጥተውታል፣ የድምጽ አወጣጡንም ሰንጠረዥ እንደ አዲስ ነው የጻፉት፣ አሁን ዋናው ጥያቄ ሰሚው ያለድካም ይረዳዋል ወይ የሚለው ነው። ስለዚ ባልደረባሽ "ማዕቀፉ ይላል" ካለሽ ማዕቀፉን አውጪና አሳይው።

ይሄ ማለት ግን አጠራር አይታረምም ማለት አይደለም፣ እዚ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትርጉም የሚቀይር ድምጽ ይታረማል። "ከላይ" እና "ከስር" የሚሉት የፈረንሳይኛ ቃላት የሚለያዩት ባንዲት አናባቢ ነው (በኛ ፊደል ልጽፋቸው ብል ሁለቱም አንድ ይሆናሉ፣ እዩት እንግዲህ)፣ እሷን ያልለየ ተማሪ ሳጥኑ የት እንዳለ መናገር አይችልም። ያንን አስለፊያቸው፣ ሰልችቷቸው እስኪስቁ። የዳካር ልጅ ኤሯን (የ"ር" ድምጿን) ምላሱ ጫፍ ላይ ስላንከባለላት ግን የሚጠፋ ትርጉም የለም፣ ተያት።

በነገራችን ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ራሱ የደቡቡ ሰው ባክሰንቱ ስራ ይከለከላል ተብሎ ብሔራዊ ምክር ቤቱ በ2020 አክሰንትን ከመድልዎ ምክንያቶች ጋ ለመጨመር የቀረበ ረቂቅ በመጀመሪያ ንባብ አሳልፎ ነበር። ነገሩ የውጭ ዜጋ ብቻ አይደለም።

ስለ ሁለቱ ልጆች፣ ለነሱ ፈረንሳይኛ የውጭ ቋንቋ አይደለም ሁለተኛ ቋንቋ ነው፣ ትምህርቱም ሌላ ነው። ማስቀየር ከቻልሽ አስቀይሪ። ካልቻልሽ ግን ነጻ ረዳት አስተማሪ አታድርጊያቸው! አስተማሪ ሁሉ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ "እስቲ ለጓደኛህ አስረዳው" እያለ ሴሚስተሩን ይጨርሳል፣ ልጁ ግን ራሱ የሚፈልገው የአካዳሚ ጽሁፍ አለ እና ማንም አላስተማረውም።

የድሮ ተማሪ፦

እኔ ከወዲያኛው ወንበር ነኝ፣ አስተማሪ አይደለሁም። ቋንቋውን እዛው ተምሬ ከዛ ዲግሪዬን በፈረንሳይኛ ነው የሰራሁት። ሁሉም አስተማሪዎቼ ደጎች ነበሩ፣ ይሄን አልክድም፣ ስማችንን ለመጥራት ይታገላሉ፣ ፈገግታው፣ የሁሉም አገር ባንዲራ ግድግዳ ላይ፣ ምናምን። ግን ደግነቱ ውስጥ ማንም ያልነገረኝ ህግ መዓት ነበር፣ እና እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው፣ ሰዋሰውማ መጽሐፍ ላይ አለ።

ለምሳሌ ማርክ። ፈረንሳይ ከ20 ነው የሚታረመው፣ 10 ማለፊያ ነው፣ 12 "ደህና" ነው፣ 14 ጥሩ፣ 16 በጣም ጥሩ፣ ጽሁፍ ላይ 20 ሲሰጥ ያየ ሰው ካለ ያስተዋውቁኝ። ከመቶ 90 ሲያመጣ የኖረ ልጅ 12 ሲሰጠው ስልሳ ከመቶ መታው ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ ክፍል 12 ተሰጥቶት ኮርሱን ጥሎ ሊወጣ የነበረ ልጅ አውቃለሁ፣ ከክፍሉ ሁለተኛው ነበር! አንድ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ወስዶ ሰሌዳ ላይ ቢያሰፍረው ምን ነበረበት።

ለምሳሌ ድርሰት። መግቢያው ላይ ጥያቄህን ታነሳለህ፣ እቅድህን ታሳውቃለህ፣ ከዛ በሁለት ወይ በሦስት ክፍል ትሄዳለህ፣ የህግ ተማሪ ከሆንክ ሁለት በሁለት ነው (ሁለት ክፍል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ንዑስ ክፍል) ንቅንቅ የለም። ሃሳብህ ወርቅ ቢሆን በዛ ቅርጽ ካልመጣ "እቅድ የለውም" ተብሎ ይመለሳል። ፈረንሳይ የተማሩት ልጆች ይሄን ሊሴ (ሁለተኛ ደረጃ) እያሉ ጠጥተውታል፣ ስለዚ ለማንም መነገር ያለበት አይመስላቸውም። ለምሳሌ ኢሜይል፣ ሱቅ ገብቶ ቦንዡር ሳይሉ ጥያቄ መጀመር፣ ለማን ቱ ለማን ቩ። እኛ አንተና እርስዎ ስላለን ነገሩ ቶሎ ይገባናል ግን በነሱ እድሜ ብቻ አይደለም የሚወስነው፣ እኩያሽ የሆነች የቢሮ ሰራተኛ ቩ ነች፣ አብሮሽ የሚማረው የሃምሳ አመት ሰው ቱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚ ማርክ አትልቀቂላቸው በናትሽ። ለቀሽላቸው ማለት እዛ ስትወጂያቸው ኖረሽ ቀጣዩ አመት ሌላ ፕሮፌሰር እንዲጥላቸው መተው ነው። ዴልፍ ራሱ ከመቶ 50 ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ክፍል ከ25 ቢያንስ 5 ይጠይቃል፣ ማዳመጥ ላይ 4 ያመጣ ልጅ ሌላው ሁሉ ሙሉ ቢሆን ወደቀ። ህጉን ንገሪያቸው፣ ደጋግመሽ አለማምጃቸው፣ ከዛ እንደማንኛውም ሰው እረሚያቸው።

ተጠራጣሪው፦

ሁሉም ጥሩ ነው የተባለው ግን ፖስተሩ ላይ ትንሽ ልናገር። ፈረንሳይ በ2018 ለውጭ ተማሪዎች ያወጣችው ስትራቴጂ ስሙ "እንኳን ወደ ፈረንሳይ በደህና መጣችሁ" ነው። በዛው ስትራቴጂ ውስጥ ከአውሮፓ ህብረት ውጪ ለሚመጣ ተማሪ የአመት የመመዝገቢያ ክፍያው ለላይሰንስ (ለመጀመሪያ ዲግሪ) ከ170 ዩሮ ወደ 2770፣ ለማስተር ከ243 ወደ 3770 ወጣ፣ ከ2019 ጀምሮ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጭማሪውን አናስከፍልም ብለው ተማሪውን ከሱ ነጻ እያደረጉ ቆይተዋል፣ ይሄ ለነሱ ክብር ነው። ግን እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ቃል ሲያይ ተማሪው ለምን ፊቱን እንደሚያኮማትር እንዲገባሽ ነው።

ካንቺ የሚጠበቀው የማዕከሉን መፈክር መሸከም አይደለም። የተማሪዎችሽን ሳምንት እወቂ። የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ በአመት እስከ 964 ሰአት መስራት ይፈቀድለታል፣ ብዙዎቹ ማታና ቅዳሜ እሁድ ይሰራሉ። "ከክፍል ውጪ በግሩፕ ተገናኝታችሁ ስሩ" የሚል የቤት ስራ ስትሰጪ ማን እንደሚገኝና ማን እንደሚቀር አስቀድሞ የታወቀ ነው። የግሩፑን ስራ ክፍል ውስጥ አስጨርሺ። ደሞ የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ ማለት ሰው እንደ ሎተሪ ነው የሚጠብቀው፣ ለሱ የቀረን ልጅ ተኝቶ ከቀረ ልጅ ጋ አንድ ላይ ቀሪ አትምቺ።

የኤ2 አስተማሪ፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ፣ ህንጻውን ነገ እጀምራለሁ። የማርኩን ሰንጠረዥም። የቤት ስራውን ነገር ደሞ በጭራሽ በዛ በኩል አላየሁትም ነበር።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ሂጃብ የምታደርግ ተማሪ አለች፣ ያው ባልደረባዬ (አዎ ያው) "ላይሲቴ (መንግስትና ሃይማኖት የሚለያዩበት መርህ) ስላለ ክፍል ውስጥ አይቻልም" ይላል። ሁለተኛ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡት ኢሜይሎች ቃል መሃል ነጥብ እየከተቱ ወንዱንም ሴቱንም ባንዴ ይጽፋሉ፣ ተማሪዎቹ ይሄ ምንድነው ይሉኛል፣ ላስተምረው ወይስ ልተወው?

ህግ በህጉ፦

የሂጃቡ አጭር ነው፣ ባልደረባሽ ተሳስቷል። የመጋቢት 2004ቱ ህግ የመንግስት አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ነው የሚመለከተው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይገባም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሃይማኖቷን የሚያሳይ ልብስ መልበስ መብቷ ነው። የተከለከለው ፊትን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነው፣ እሱም በ2010 በወጣ ሌላ ህግ ለሁሉም የህዝብ ቦታ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የደህንነት ደንብ ሊኖር ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ። ገለልተኛ የመሆን ግዴታ ያለበት የመንግስት ሰራተኛው ነው፣ ማለት አንቺና እሱ። ስሟን ሳታነሺ ለማዕከሉ ኃላፊ በጽሁፍ ጠይቂ፣ መልሱም በጽሁፍ ይምጣ፣ ከዛ በኮሪደር ወሬ አይሆንም።

ከዚ ጋ የተያያዘ፣ መጽሐፎቹ ላይ "ስለ እገሌ ጉዳይ ተከራከሩ፣ ደጋፊና ተቃዋሚ" የሚሉ መልመጃዎች አሉ። ርዕሱ አንዷ ተማሪ ጭንቅላቷ ላይ ያደረገችው ነገር ከሆነ ክርክር ሳይሆን ችሎት ነው የሚሆነው። ክርክር ለማለማመድ ስልክ ይሻላል ወይስ ደብዳቤ በሚለውም ይቻላል፣ "እስማማለሁ ግን" ለማለት ርዕሱ ማንንም መንካት የለበትም።

ሰባንት ኖናንት፦

የነጥቧን ልውሰድ። አንብበው እንዲረዱት አስተምሪ፣ እንዲጽፉት አታስገድጂ። ፈረንሳይ ውስጥ የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2021 ባወጣው ሰርኩላር ትምህርት ቤት ውስጥ ነጥቧን ከልክሏል፣ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በኢሜይላቸው ይጠቀማሉ፣ ስለዚ ተማሪው ማየቱ አይቀርም። ነጥቧ የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ለሚጠቀም ማየት የተሳነው ሰውና ዲስሌክሲያ ላለበት ታስቸግራለች ብለው የሚከራከሩም አሉ፣ እንግዲህ አንዱን ለማካተት ሲባል ሌላው እንዳይወጣ ማሰብ ነው። ሁለቱንም ጾታ ሙሉ ቃሉን መጻፍ ማንንም አያስቸግርም፣ ለኤ2 ደሞ ጥሩ የሴቴ ወንዴ መልመጃ ነው።

የሙያ ስም ላይ ግን ወደኋላ አትበዪ። ሴት ጸሐፊ፣ ሴት መሃንዲስ፣ ሴት ሚኒስትር፣ ሴቴውን ቅርጽ አስተምሪ። ኩቤክ ከ1979 ጀምሮ ትመክረዋለች፣ የቋንቋው ጠባቂ ነኝ የሚለው የፈረንሳይ አካዳሚ እንኳ እንቢ እንቢ ሲል ኖሮ በ2019 ተቀብሏል። መጽሐፍሽ አሮጌ ከሆነ ሃኪሙ ሁሌ ወንድ ነው፣ ህንጻችሁ ውስጥ ሃኪሟን ሴት አድርጊያት አለቀ።

የድሮ ተማሪ፦

አንድ ነገር ረስቼ፣ በራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ ትቆጫለሽ ወይስ ትተያለሽ? እኛን ይቀጡን ነበር፣ ሳንቲም እያስጣሉ።

የኤ2 አስተማሪ፦

አልቀጣም ባይሆን ዝም ነው የምለው። ግን ችግሩ ሦስቱ ብራዚሎች ባንድ ላይ ሲያወሩ ቬትናሟ ልጅ ብቻዋን ነው የምትቀረው፣ የሷን ቋንቋ የሚችል ሌላ የለም።

ጠመኔ፦

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ከባድ ጽሁፍ ስሰጥ ሁለት ደቂቃ በፈለጋችሁት ቋንቋ አስቡ እላለሁ፣ የቋንቋ ጓደኛ ያለው ያወራል፣ የሌለው በራሱ ቋንቋ ማስታወሻ ይጽፋል፣ ስልኩን ከፍቶ መዝገበ ቃላት ያያል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ከሌላ ቋንቋ ሰው ጋ ጥንድ ሆኖ የተረዳውን በፈረንሳይኛ ያስረዳል። የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው ፈረንሳይኛው ግድ ይሆናል፣ እኔ ፖሊስ መሆን አይጠበቅብኝም። ያንን ማስረዳት ሜዲያሲዮን ብለው አዲሱ ማዕቀፍ ውስጥ እንደ ችሎታ ሁሉ ይለኩታል፣ ስለዚ ማዕከሉ ቢጠይቅሽ መልስ አለሽ።

ጥንዶቹን በየሳምንቱ ቀያይሪ እንጂ ቬትናሟን ሁሌ ከጎበዙ ጋ አታስቀምጫት፣ አንዳንዴ ከሷ የሚደክም ሰው ይድረሳትና እሷ ታስረዳ። ደሞ የህንጻው ነዋሪዎች ስብሰባ ሲኖር ሊቀመንበርነቱን ለሷ ስጪያት፣ "ተራው ያንተ ነው"፣ "እስኪ ድገመው አልሰማሁም" የሚሉትን አረፍተ ነገሮች ካርድ ላይ ጽፈሽ። እነዛን ካርዶች ለሁሉም ሌቭል አዘጋጅቻለሁ፣ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ፋይሉን እልክልሻለሁ።